«ይሄ ጃር ከየት መጣ?» የሜቨንና የግሬድል ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ጃቫ ዲፔንደንሲ፣ ማለትም ፕሮግራማችን ስለሚደገፍባቸው ሌሎች የጻፏቸው ላይብረሪዎች፣ ያስቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሜቨንና ግሬድል እነዚህን አውርደው ፕሮግራሙን የሚገነቡ መሣሪያዎች ናቸው፤ ጃር ደግሞ ላይብረሪው ታሽጎ የሚመጣበት ፋይል ነው። በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። አንዱ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ላይብረሪ ለማስገባት ለምን ሦስት ነገር እጽፋለሁ? ስሙ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ ሞክሼ በዛ። «ኮር» ወይም «ዩቲልስ» የሚባል ጃር ስፍር ቁጥር የለውም። ግሩፕ አይዲ የማን እንደሆነ ይነግርሃል፤ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ዶሜይን ተገልብጦ ነው። አርቲፋክት አይዲ የትኛው ላይብረሪ እንደሆነ፣ ቨርዥን ደግሞ ስንተኛው እንደሆነ ይለያል። የፋይሉን ስም አትመነው፤ ማንም ሊቀይረው ይችላል።

ጥያቄ፦ የድሮውን ሎግፎርጄ (ፕሮግራሙ የሚያደርገውን የሚመዘግብ ላይብረሪ) ወደ 2 ላሳድግ ብዬ የቨርዥን ቁጥሩን ብቻ ቀየርኩ። «አልተገኘም» አለኝ።

መልስ፦ ልክ ነው፣ በዚያ ስም የለማ! የ1ዱ ግሩፕም አርቲፋክትም «ሎግፎርጄ» ነበር። 2 ሲመጣ ግሩፑ «ኦርግ.አፓቼ.ሎጊንግ.ሎግፎርጄ»፣ ዋናው አርቲፋክት «ሎግፎርጄ-ኮር» ሆነ። ለሜቨን ሁለቱ አይተዋወቁም። ሁለቱም አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ቢገቡ ትንፍሽ አይልም። በታኅሣሥ 2021 (እንደ አውሮፓውያን) ሎግፎርሼል የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲወጣ ጣጣው የትኛውን እንደያዙ አለማወቅ ነበር። ተጋላጩ እስከ 2.14.1 ያለው ሎግፎርጄ-ኮር ነው። ግን ስንቱ ሰው በፖም ፋይሉ (የሜቨን ዲፔንደንሲዎች በሚዘረዘሩበት) ላይ በእጁ ጽፎት ያውቃል? በሌላ ላይብረሪ ጀርባ ታዝሎ ነው የገባው።

ጥያቄ፦ ኮምፓይል ሲደረግ ሰላም ነው። ሲሮጥ ግን «ኖ ሰች ሜተድ ኤረር» (የተጠራው ሜተድ የለም) ይላል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምናልባት ምንም አላጠፋሽም። አንድ ላይብረሪ በሁለት መንገድ፣ በሁለት ቨርዥን መጥቶብሻል።

እንዲህ እንየው። ፕሮጀክትሽ «ሀ» እና «ለ»ን ይጠቀማል። «ሀ» የሚፈልገው «መ» 1.2ን ነው። «ለ» ደግሞ «ሐ»ን ይጠራል፤ «ሐ» «መ» 1.5ን ይፈልጋል። ክላስፓዝ (ጃቫ ሲሮጥ ኮድ የሚፈልግበት ዝርዝር) ላይ የሚገባው «መ» አንድ ብቻ ነው። ሜቨን የቱን ይመርጣል? አዲሱን እንዳትይ። ለፕሮጀክትሽ የሚቀርበውን ነው፤ ስለዚህ 1.2 ይገባል። ርቀታቸው እኩል ቢሆን ኖሮ ፖም ላይ ቀድሞ በተጻፈው በኩል የመጣው ያሸንፍ ነበር። አዎ፣ ሁለት መስመር ቦታ በማቀያየር ብቻ ፕሮግራም ሊበላሽ ይችላል። ለኔ ይሄ ከሜቨን ሁሉ የማልወደው ነገር ነው።

አሁን «ሐ» 1.5 ላይ የተጨመረ ሜተድ ሲጠራ ያጣዋል። ኮምፓይሉ ያለፈው «ሐ» ቀድሞ በባለቤቶቹ ተኮምፓይሎ ስለመጣ ነው፤ ያንቺ ኮምፓይለር ውስጡን አይፈትሽም። ግሬድል ቢሆን ካልከለከልሽው በቀር ትልቁን ቁጥር፣ 1.5ን፣ ይወስድ ነበር። እሱም ቢሆን «ሀ» የሚጠራው ሜተድ አዲሱ ላይ ተሰርዞ ከሆነ አያድንሽም።

መፍትሔው፦ የሜቨንን ዲፔንደንሲ ትሪ (ማን ማንን እንዳመጣ የሚያሳይ ትእዛዝ) ከቨርቦዝ (በዝርዝር አሳይ) ጋር አስኪጂ። «ኦሚትድ ፎር ኮንፍሊክት» የሚለውን መስመር ፈልጊ፤ የተጣለው እዚያ አለ። ከዚያ ፖም ላይ ባለው ዲፔንደንሲ ማኔጅመንት በተባለው ክፍል ውስጥ የምትፈልጊውን ቨርዥን ራስሽ ቁረጪለት። ኤክስክሉዥን (ይሄን አታምጣ የሚል ትእዛዝ) እየደረደርሽ አትሂጂ፤ ከስድስት ወር በኋላ ለምን እንደጻፍሽው አታስታውሺም።

ጥያቄ፦ ስናፕሾት (ገና በሥራ ላይ ያለ፣ ያልተጠናቀቀ ቨርዥን) ፕሮዳክሽን ላይ፣ ማለትም ተጠቃሚዎች በሚገለገሉበት ሲስተም ላይ፣ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ተው። ስሙ ሳይቀየር ውስጡ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ የምጠቀመው ፓኬጅ አንድ ቀን ቢጠፋስ?

መልስ፦ ሜቨን ሴንትራል (የጃቫ ላይብረሪዎች ዋናው የሕዝብ ማከማቻ) ላይ አንዴ የወጣ ቨርዥን አይሰረዝም፣ አይለወጥም፤ ደንቡ ነው። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ) ግን በ2016 ትምህርቱን በመራራው አግኝቷል። ሌፍት-ፓድ የሚባል 11 መስመር ኮድ ባለቤቱ ሲያነሳው የብዙ ሰው ቢልድ ባንዴ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ማንሳትን ያጠበቁት።

ጥያቄ፦ ነገር ሲበላሽ የኤም-ቱን ፎልደር (ሜቨን ያወረዳቸውን ላይብረሪዎች ኮምፒውተሬ ላይ የሚያስቀምጥበትን) በሙሉ አጠፋዋለሁ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ጥፋት ሳይሆን ልፋት ነው፤ ሁሉንም እንደገና ታወርዳለህ። ያስቸገረህን ላይብረሪ ፎልደር ብቻ ግባበት። መጨረሻው «ላስት አፕዴትድ» የሆነ ፋይል ካየህ፣ ሜቨን ማውረድ አቅቶት «የለም» ብሎ መዝግቦታል ማለት ነው። ኔትወርኩ ቢመለስም ለጊዜው ድጋሚ አይሞክርም። እሱን ፋይል ሰርዝና ቢልዱን እንደገና አስነሳው።