ሰያፍ ስንጥቅ ወዴት ይሄዳል?

ደሴ ፒያሳ ሱቅ ያለው አንባቢ የጻፈልኝ ይህን ነው፦ «1 ሜትር ከ20 የሚረዝም የአክሪሊክ ታፔላ፣ ግራና ቀኙን በብሎን ጥብቅ አድርጌ ብረት ላይ አሰርኩ። አሁን ከግራው ቀዳዳ ሁለት ጣት የሚሆን ስንጥቅ ሰያፍ ወደ ፊደሎቹ ወርዷል። ጽሑፉን ሳይሰነጥቀው እንዲቆም ከፊቱ አንድ ጣት ቀድሜ ልብሳው?»

አብሽር ወንድሜ፣ ጽሑፉን አይሰነጥቀውም። ግን እዚያ ብትበሳም ስንጥቁ ቀዳዳህን ስቶት ያልፋል። ሰያፍ ስንጥቅ በጀመረበት መስመር አይቀጥልም። ይታጠፍና ጉተታውን አቋርጦ ይሄዳል። ያንተን ታፔላ ግራና ቀኝ የሚጎትቱት ብሎኖቹ ናቸው። ስለዚህ ስንጥቁ ቁልቁል ወርዶ የታፔላውን ጫፍ ይቆርጠዋል። ከሥሩ ሰው ስለሚያልፍ የምፈራው ይህንን ነው።

እዚህ ኮምቦልቻ ሥራ ቦታዬ ሞክሬው አውቃለሁ። ሁለት ጣት ስፋት ያለውን የአክሪሊክ ቁራጭ በመጋዝ ሰያፍ ጫር አደረግሁት። ሰቅዬው ከታች ባልዲ አንጠለጠልኩና አሸዋ ጨመርኩ። ብዙ ጨመርኩ፣ ምንም የለም። ከዚያ ድንገት ቋ! አለ። አክሪሊክ ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ባልዲው የሚጎትተው ቁልቁል ስለሆነ፣ ስብራቱ ከመጋዙ ጫፍ ዞሮ አግድም ሄዷል። ኤርዶጋንና ሲህ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በፕሌክሲግላስ (ያው አክሪሊክ ነው) አሳይተዋል። በስሌታቸው፣ ከጉተታው 45 ዲግሪ ያዘነበለ ስንጥቅ 53 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል።

ጉተታውን ያመጣው ብርድ ነው። በቀን ሙቀት አጥብቀህ አስረኸው ሌሊት በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አክሪሊኩ 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል መሰብሰብ ይፈልጋል። ብረቱ የሚሰበሰበው 0.3 ብቻ ነው። ብሎኖቹ አይለቁትም።

ዛሬውኑ አውርደው። የስልክህን መብራት በጎን አብራበት፤ የስንጥቁ ጫፍ ያብረቀርቃል፣ በዓይን ከሚታይህም ይርቃል። ልክ እዚያ ጫፍ ላይ፣ ከሥሩ እንጨት አድርገህ፣ ድሪሉን ቀስ እያልክ ብሳ። ጫፉ ከቀዳዳው ውጭ ከቀረ ልፋትህ ከንቱ ነው። የቀዳዳውን ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። በአልኮል ወይም በቲነር እንዳትጠርገው፣ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። የብሎኖቹን ቀዳዳ ከብሎኑ 3 ሚሊ ሜትር አስፋው፣ የጎማ ሮንዴላ አድርግና ታፔላው በእጅ ሲገፋ እንዲንቀሳቀስ ብቻ አጥብቅ።

ስንጥቁ ታጥፎ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ ግን አትጠግነው። አዲስ አሠራ።