ምሳ ቤቱ በ8 ሰዓት ይዘጋል፦ በፈረንሳይ ገጠር ስለሚደረግ የብስክሌት ጉዞ የቀረቡ ጥያቄዎች

የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍታቸውን በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት እየተንሸራሸሩ ለማሳለፍ ያሰቡ አንባቢያን የላኳቸው ጥያቄዎች ስለተከማቹ፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። የሚጠቀሱት ሰዓቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ዓመቶቹ ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

«ልጅነቴን ያሳለፍኩት ባሕር ዳር ስለሆነ ብስክሌት መንዳት አልረሳሁም። አሁን ግን ሃምሳን ተሻግሬአለሁ፤ ጉልበቴም ዳገት አይችልም። ከየት ልጀምር?» (ከብራስልስ)

ባቡርም እንደ እርስዎ ዳገት አይወድምና ባቡር የተጓዘበትን መንገድ ይምረጡ። ፈረንሳዮች አገልግሎት ያቆሙ ሐዲዶችን እያነሡ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተለዩ መንገዶች አድርገዋቸዋል፤ «ቮይ ቬርት» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው በ1997 በቡርጎኝ የተከፈተው፣ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መንገድ ሲሆን፣ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። መኪና አይገባበትም፤ መሬቱም ከባድ ባቡር እንዲወጣው ተብሎ የተደላደለ ስለሆነ ከፍታው ሳይታወቅዎት ያልፋል። ከወይን እርሻዎች ሥር እየታከከ በቡክሲና በሳን ዣንጉ በኩል ይሄዳል፤ የቀድሞዎቹ ጣቢያዎች ሕንፃዎች ዛሬም በዳሩ ይታያሉ። ኮርማተን ሲደርሱ ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ያማረ ግንብ ስላለ ግማሽ ቀን ቢሰጡት አይጸጸቱም። ክሉኒ ላይ ደግሞ በ910 የተመሠረተው ገዳም ይጠብቅዎታል። ቤተ ክርስቲያኑ በሮም የአሁኑ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና ውስጥ ትልቁ ነበር፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ግን ድንጋዩ እየፈረሰ ስለተሸጠ ዛሬ የቀረው ጥቂቱ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ የሚቻል ቢሆንም ለሁለት ቀን ይክፈሉት። ከክሉኒ ወደ ማኮን መቀጠል ከፈለጉ 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የቧ ክሌር ዋሻ ያጋጥምዎታል፤ መብራት አለው፤ ነገር ግን ውጭው በፀሐይ እየነደደ ውስጡ ብርድ ስለሆነ ሹራብዎን ከሻንጣው በላይ በኩል ያድርጉ። ዋሻው በብርድ ወራት ለሌሊት ወፎቹ ተብሎ ይዘጋል።

«የሎዋርን ወንዝ ተከትለን ለመጓዝ አስበናል። ከላይ ወደ ባሕሩ መውረድ አይቀልም?» (ከስቶክሆልም)

የሚቀል ይመስላል፤ ግን አይደለም። «ሎዋር አ ቬሎ» የሚባለው መንገድ በኔቨር አቅራቢያ ካለችው ከኩፊ ተነሥቶ አትላንቲክ ዳር እስካለችው ሳን ብረቨን ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ወንዙ በዚህ ሁሉ ርቀት የሚወርደው ግን 200 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ቁልቁለቱን እግርዎ አያውቀውም። እግር የሚያውቀው ነፋሱን ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ከምዕራብ ከባሕሩ በኩል ይነፍሳል። ስለዚህ ወንዙን ሽቅብ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መሄድ ይመረጣል። ያላችሁ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ከሶሚር ወደ ብሉዋ ይጓዙ፤ የቱር ከተማንና ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በ1519 ያረፈባትን አምቧዝን በዚያው መንገድ ታገኛላችሁ። ማደሪያ ስትፈልጉ «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ቤቶች ብትመርጡ ከመንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር የማይርቁ፣ ለብስክሌት የሚቆለፍ ማቆሚያና የጥገና ዕቃ ያላቸው ናቸው።

«የምንጓዘው በፍልሰታ ጾም ነው። በፈረንሳይ ገጠር የጾም ምግብ ይገኛል?» (ከፍራንክፈርት፣ ሁለት እኅትማማቾች)

ጾሙ የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ አገሩ በሙሉ ዕረፍት ከሚወጣበት ወቅት ጋር ይገጥማል። በመጀመሪያ ሰዓቱን እንመልከት፤ በእኔ እምነት በዚያ ገጠር ጉዞን የሚወስነው ከጉልበት ይልቅ የሱቅና የምሳ ቤት ሰዓት ነው። ምሳ የሚቀርበው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ብቻ ሲሆን፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው ወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ተሰቅሎ ያገኘዋል። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የምሳ ቤቱን ነገር ከመጀመሪያው እርሱት። ዳቦ ቤቱም ቀትር ላይ ይዘጋና ብዙውን ጊዜ 10 ሰዓት አካባቢ መልሶ ይከፍታል። ምግባችሁን ጠዋት ገዝታችሁ በብስክሌቱ ቦርሳ ይዛችሁ መዋል ነው የሚያዋጣው።

ዳቦው ያለ ሥጋት የሚበላ ነው። «ባጌት ትራዲሲዮን» ተብሎ የሚሸጠው በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት ከስንዴ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የሚጋገር ሲሆን፣ በጥቂቱ ሊጨመርበት የተፈቀደውም የባቄላ ዱቄት፣ የአኩሪ አተር ዱቄትና ብቅል ነው፤ አንዱም ጾም አያስፈታም። ክሯሳን ግን ቅቤ ነው። ከመንደር ሱፐርማርኬት የተቀቀለ ምስር በቆርቆሮ፣ ሽምብራና ራታቱይ የሚባለውን የአትክልት ወጥ ታገኛላችሁ፤ ወቅቱም የቲማቲም፣ የኮክና የሐብሐብ ነው። ዳቦ ላይ የሚቀባው የወይራ ታፕናድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ስለሚገባበት ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ጽሑፉን አንብባችሁ ግዙ። ምግብ ቤት ገብታችሁ «ሥጋ አንበላም» ብቻ ብትሉ ደስ ብሏቸው የሚያመጡላችሁ የፍየል ዓይብ የቀለጠበት ሰላጣ ነው፤ ስለዚህ «ቬጋን» በሉና ቅቤውን፣ ዓይቡንና ዕንቁላሉን በስም እየጠራችሁ አስቀሩ።

የቀን ልዩነቱንም አትርሱ። እኛ የእመቤታችንን ዕርገት የምናከብረው ነሐሴ 16፣ በእነርሱ ኦገስት 22 ሲሆን፣ ፈረንሳዮች ግን ኦገስት 15 ቀን ያከብራሉ። ያ ቀን ብሔራዊ በዓል ስለሆነ በትንንሽ መንደሮች ሱቅ አይከፈትም፤ ስንቃችሁን በዋዜማው ያዙ። በሙቀት እየነዱ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ስለመዋል የእኔ ምክር አይበቃምና ከመነሣታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

«ባለቤቴ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ካልሄድን ጉዞ አይባልም ይላል፤ እኔ 50 ይበቃል እላለሁ። ማን ልክ ነው?» (ከለንደን)

እርስዎ ነዎት። ባለቤትዎ በልባቸው ያለው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደበት የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ሳይሆን አይቀርም፤ የተሸከመ ብስክሌት ግን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ ደኅና ሄዷል። በዚህ ፍጥነት 50 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ተኩል ስለማይሞላ ጠዋት 2 ሰዓት የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል፤ 100 ግን ሰባት ሰዓት ያህል መንዳት ነው፤ ምሳውም፣ ግንቡም፣ ወንዝ ዳር መጋደሙም ይቀራል። ቬሎሲዮ በሚል ስም የሚታወቀው የሳንቴትየኑ ፖል ደ ቪቪ (1853–1930) ለብስክሌት ተጓዦች ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ፣ ለታይታ ብለህ አትንዳ እያለ ይመክር ነበር። እርሱ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳ የነበረ ብርቱ ሰው ስለሆነ ምክሩን የሰነፍ ምክር ነው ብለው ባለቤትዎ ሊያጣጥሉት አይችሉም።

«ብስክሌቴን ባቡር ላይ መጫን እችላለሁ?» (ከጄኔቭ)

ቴ ኧ ኤር በሚባሉት የክልል ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይጫናል፤ አንዳንድ ክልሎች ግን ተጓዥ በሚበዛበት ወቅት አስቀድሞ ቦታ ማስያዝን ስለሚጠይቁ ይህን አጣርተው ይነሡ። በፈጣኑ ቴ ዤ ቬ ላይ ሁለት ምርጫ አለዎት፦ ቦታ ባለው ባቡር ላይ በ10 ዩሮ ገደማ ማስያዝ፣ ወይም ጎማዎቹን ፈተው ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ከረጢት እንደ ሻንጣ መያዝ። እኔ ዘገምተኛውን ባቡር እመርጣለሁ። ከፓሪስ ቤርሲ በዲዦን በኩል ወደ ሊዮን የሚሄደው ዢቭሪ አቅራቢያ ባለችው ሻሎን ላይ ስለሚያቆም ከላይ ለጠቀስኩት የክሉኒ መንገድም ያመቻል።

«ሄልሜት ግዴታ ነው? አንድ ብርጭቆ የወይን ጠጅስ ይፈቀዳል?» (ከሮም)

ሄልሜት ግዴታ የሆነው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው፤ ሕጉ ከመጋቢት 2017 ጀምሮ ይሠራል። ትልቅ ሰውም ቢያደርግ እላለሁ። ከከተማ ውጭ በሌሊት ወይም በጭጋግ ሲነዱ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ፣ በማንኛውም ጊዜ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫን ማውለቅ ያስፈልጋል። ወይኑን በተመለከተ ለመኪና ነጂ የተወሰነው በአንድ ሊትር ደም ግማሽ ግራም የአልኮል መጠን ብስክሌተኛንም ይመለከታል። ማታ ማደሪያዎ ከደረሱ በኋላ ይጠጡት።

«ጎማ ቢተነፍስና ውሃ ቢያልቅ በዚያ በረሃ ማን ይደርስልናል?» (ከሮተርዳም)

በረሃ እንኳ አይደለም፤ ጭር ያለ ገጠር ነው። ውሃ ያለቀበት ሰው ወደ መንደሩ መካነ መቃብር ይሂድ፤ ለመቃብር አበባ ማጠጫ የተተከለ ቧንቧ በየመንደሩ ስላለ ብስክሌተኞች ሁሉ ጠርሙሳቸውን የሚሞሉት ከዚያ ነው። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይጠጣም። ጎማን በተመለከተ እንደ አገር ቤት በየጥጉ ጎሚስታ የለም፤ የብስክሌት መጠገኛ ቤቶችም ብዙዎቹ እሑድና ሰኞ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ጎማ ማውጫ ይያዙ። ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ የኋላውን ጎማ አንድ ጊዜ ቤትዎ በረንዳ ላይ ፈትተው መልሰው ይግጠሙ፤ ካቴናው የሚያስቸግረው ከኋላ ነው፤ የፊተኛውን ማንም ያወጣዋል።