መልስ፦ የጳንጦስ ግሪኮች ሙዚቃ እንዴት ተረፈ?

«ከጳንጦስ፣ ማለትም ከቱርክ የጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ የተፈናቀሉት ግሪኮች ሙዚቃቸው እንዴት ሳይጠፋ ቀረ?» ላልከው፣ እንደኔ ትልቁ ባለውለታ ሊራቸው ነው። ከመንቼም ይሉታል። የኛ መሰንቆ ዘመድ በለው፤ ግን ሦስት ክር አለው፣ ቅርጹም ቀጭን ጠርሙስ ይመስላል። ተጫዋቹ ጉልበቱ ላይ አቁሞ ይገዘግዘዋል። ሲሞቀው ደግሞ ብድግ ብሎ ከጨፋሪዎቹ መሃል ይገባል። ብዙ ጊዜ ሁለት ክር ባንዴ ስለሚነካ፣ አንዱ ሊራ ሁለት ሆኖ ይሰማሃል። እንዲህ ያለ ዕቃ በስደት ለመያዝም አይከብድም።

ግሪኮቹ በ1923 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ በሎዛን በተፈረመው የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት ከቱርክ ወደ ግሪክ ተዛወሩ። በ1930 ሜልፖ ሜርሊየ የተባለች የሙዚቃ ምሁር ስደተኞቹን አቴንስ ውስጥ እያዘፈነች በሸክላ ማስቀዳት ጀመረች። ትልቅ ሥራ ነው። ግን መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሸክላ ማንንም አያስጨፍርም! ሊራውን በሕይወት ያቆየው ድግሱ ነው። በሰሜን ግሪክ፣ በቬርሚዮ ተራራ በ1951 እንደ አዲስ ወደተተከለችው የሱሜላ ማርያም ገዳም በየዓመቱ ኦገስት 15 ይጎርፋሉ፣ ሊራም አይቀርም። እዚያው ሰሜን ግሪክ፣ በኮዛኒ አካባቢ ያሉ ስምንት መንደሮች የሚጫወቱት «ሞሞኤሪያ» የተባለው የአዲስ ዓመት ጨዋታም በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።