መልስ፦ ሌንስህ አልተበላሸም

ወንድሜ፣ በኒኮን ዲ700 ካሜራ ጥርት ያለ ምስል ይሰጥህ የነበረው ሌንስ ዲ800 ላይ ለምን እንደደበዘዘብህ፣ የሌንሱ የጥራት መለኪያ ቁጥር ግን ለምን እንደጨመረ ጠይቀሃል። ሌንስህ ደህና ነው።

የሚለካው ሌንሱ ብቻውን አይደለም። ሌንሱ የሚያሳልፈው ዝርዝር ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) በሚይዘው ተባዝቶ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ዲ700 12 ሜጋፒክስል ነው፣ ዲ800 ደግሞ 36። ሴንሰሩ ሲሻሻል ያው ሌንስ ትልቅ ቁጥር ያመጣል። ስለዚህ በተለያየ ካሜራ የተለኩ ሌንሶችን በቁጥር አታወዳድር። እባክህ፣ በዚህ ተሳስተህ አዲስ ሌንስ እንዳትገዛ።

እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የቆመች ታንኳ በሁለቱም አንስቻለሁ። በ12ቱ ደንገሉ አንድ ወጥ ቢጫ ነበር። በ36ቱ የእያንዳንዱ አገዳ መስመር፣ ማሰሪያው ሳይቀር ታየ። ግን ስክሪን ላይ መቶ በመቶ አስፍተህ ስታየው ምስሉ በወርድም በቁመትም 1.7 እጥፍ ያህል ይተልቃል። የእጅ መንቀጥቀጡም፣ የፎከስ ስህተቱም አብሮ ይተልቃል። ድብዝዝ ያለብህ ለዚህ ነው።

ሁለቱን በእኩል መጠን አሳትመህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አድርግ፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ላይ አድርገህ ሞክረውና ያየኸውን ንገረኝ።