ቶኪዮ ሱሺ ባንኮኒ ላይ ለምትቀመጡ፦ ጥያቄና መልስ

ቶኪዮ ውስጥ ስምንት፣ አሥር ሰው ብቻ የሚይዙ ሱሺ ቤቶች አሉ። ሱሺ የተጨበጠ ሩዝ ላይ ዓሣ የሚደረግበት የጃፓን ምግብ ነው። ሼፉ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ ይሠራል፣ እንግዳው ከወዲህ ተቀምጦ ይበላል። ለመሄድ ያሰባችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል፤ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ሜኑ የላቸውም ሲባል ሰማሁ። ታዲያ እንዴት ነው የማዘው?

አታዝም። «ኦማካሴ» ይሉታል፤ ምርጫውን ለሼፉ ትተዋለህ። የዕለቱን ዓሣ ከቶዮሱ ገበያ አስመጥቶ በራሱ ቅደም ተከተል ያቀርብልሃል። ብዙ ጊዜ ቀለል ካለ ነጭ ዓሣ ይነሳና ቅባት ወደበዛበት ቱና ይሄዳል። የእንቁላል ጥብሱ ሲመጣ እያለቀ ነው ማለት ነው። የማትበላው ነገር ካለ ቦታ ስታስይዝ ተናገር። ከተቀመጥክ በኋላ ብትናገር ሼፉ የሚያደርገው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በእጅ መብላት ነውር ነው እንዴ?

ኧረ በፍጹም! እኔ እንዲያውም በእጅ ብሉ ነው የምለው። ሩዙ ላላ ተደርጎ ነው የሚጨበጠው። በደንብ የተሠራ ሱሺ ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ዝቅ ሲል በዓይን ይታያል። ቾፕስቲክ ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው ይፈርሳል። በአንድ ጉርሻ ጨርሰው። የአኩሪ አተር ስጎውን አብዛኛውን ጊዜ ሼፉ ራሱ በብሩሽ ይቀባዋል። ካልቀባው የዓሣውን በኩል ብቻ ነካ አድርግ፤ ሩዙ ከነካ ይመጠውና ይበታተናል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሳትስ?

አስፈቅጂ። የሚከለክሉም አሉ። ከፈቀዱልሽም አንድ አንስተሽ ቶሎ ብዪ። ሩዙ የሚቀርበው የሰውነት ሙቀት ያህል ሞቆ ነው፤ ከቆየ ይቀዘቅዛል። በባሕር ቅጠል የተጠቀለለውማ ይብሳል፤ ቅጠሉ የሩዙን እርጥበት ስቦ ወዲያው ይልፈሰፈሳል። ሼፉ ሲያስቀምጥልሽ የሚበላበት ሰዓት ያ ነው። ጎረቤትሽ እስኪደርሰው መጠበቅ የለብሽም።

ጥያቄ፦ ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፣ ጥሬ ዓሣ ግን ያስፈራኛል።

ሁሉም ጥሬ አይደለም። ይህ ሱሺ የመጣው ከኤዶ ነው፤ የዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው። በ1820ዎቹ (እንደ ፈረንጆች) ሲስፋፋ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ስለዚህ ቱናውን አኩሪ አተር ስጎ ውስጥ ይነክሩታል፣ ኮሃዳ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በጨውና በአቼቶ ያሹታል፣ አናጎ የሚባለውን እባብ መሰል የባሕር ዓሣ ይቀቅሉታል። ዛሬም እንደዚያው ይሠራል፤ ለእኔ የሼፉ ሙያ የሚለየው ኮሃዳው ላይ ነው። ፍርሃትህ ግን ከንቱ አይደለም። አኒሳኪስ የሚባል ጥገኛ ትል አለ። እሱን የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም በረዶ ማድረግ እንጂ አቼቶ አይደለም። እርጉዞችና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥሬውን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ዓሣ ስለሆነ አያሳስበኝም አይደል?

ዓሣው ሳይሆን ስጎው ነው ነገሩ። ሼፉ የሚቀባው ስጎ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳኬ ወይም ሚሪን ይገባል፤ ሁለቱም ከሩዝ የሚሠሩ አልኮል ናቸው። ቦታ ስታስይዢ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዋጋውስ? ቲፕስ?

ጊንዛ ሰፈር ስም ያላቸው ቤቶች እራት 30,000 የን እና ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ምሳ በጣም ይረክሳል። ቲፕ የሚባል ነገር የለም፣ አትስጡ። ሽቶ ተቀብታችሁ አትሂዱ፤ ባንኮኒው ጠባብ ነው፣ የዓሣውን ጠረን ይሸፍናል። ደግሞ አታርፍዱ፤ ብዙ ቤቶች ለሁሉም እንግዳ እኩል ነው የሚጀምሩት። በመጨረሻው ሰዓት ብትቀሩ ሙሉውን ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ።