ኮድሽ የዘገየው በፓይዘን ምክንያት ነው?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሻል። ለአንድ ባንክ የሶፍትዌር ሙከራ ክፍል ስታመለክቺ፣ አንድ ሚሊዮን የፈጠራ የሂሳብ እንቅስቃሴዎችን በዘፈቀደ የሚያመነጭ ኮድ ፓይዘን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈሽ እስከ ዓርብ እንድታቀርቢ ታዘዝሽ። ኮዱ ይሠራል፤ ነገር ግን ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ አይጨርስም። «ፓይዘንን ትቼ ፈጣኑን ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስን ልማር ወይ?» ትያለሽ።

በዚህ ምክንያትስ አትተዪው። የላክሽልኝን ኮድ አይቼዋለሁ። ለእያንዳንዱ መስመር ፋይሉን ትከፍቻለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ መልሰሽ ትዘጊያለሽ፤ ይህንኑ ሚሊዮን ጊዜ። አንድ ኩንታል ጤፍ በስኒ እየሰፈሩ ከገበያ ቤት እንደ መመላለስ ነው። ፋይሉን ከዙሩ፣ ማለትም መስመሮቹን እየደጋገመ ከሚጽፈው የኮዱ ክፍል፣ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቺው፤ ከዚያ በኋላ ፓይዘን ራሱ ጽሑፉን እያጠራቀመ ወደ ዲስክ ይልክልሻል።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ አሉ። በኮድሽ ሙሉ ቁጥር በዘፈቀደ የሚያወጣው ራንድኢንት አንድ ቁጥር ለማውጣት በፓይዘን የተጻፉ ሌሎች ፈንክሽኖችን (አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎችን) በተራ ይጠራል። በዜሮና በአንድ መካከል ያለ ቁጥር የሚሰጠው ራንደም የተባለው ፈንክሽን ግን ፈጣን በሆነው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ፣ ውጤቱን አባዝቶ ወደ ሙሉ ቁጥር መለወጥ ይፈጥናል። ብዙ ቁጥሮችን ባንዴ የሚያሰላውን የፓይዘን ተጨማሪ መሣሪያ፣ ነምፓይን፣ መጠቀም ከፈቀዱልሽ ደግሞ ሚሊዮኑን ቁጥር በአንድ ጥሪ ታገኚዋለሽ።

ይህን ሁሉ ከመንካትሽ በፊት ግን ለኪ። ከፓይዘን ጋር አብሮ የሚመጣው ሲፕሮፋይል ጊዜው የት እንደሚባክን ያሳይሻል። እኔ በጎበዝነቴ ዘመን ሳልለካ ሁለት ቀን ሙሉ የቁጥር ማመንጫውን ሳፋጥን ከረምሁ፤ ጥፋተኛው ቀንን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አንድ መስመር ሆኖ ተገኘ።

ከፈታኞቹ ፊት ስትቀርቢ የሚጠቅምሽም ይኸው ነው፤ ምን ለካሽ፣ ምን አገኘሽ፣ ምን ለወጥሽ። በማመልከቻሽ ላይ «ፓይዘን እችላለሁ» ከሚለው ይልቅ ሥራውን ከስንት ደቂቃ ወደ ስንት ሴኮንድ እንዳወረድሽው ጻፊ፤ ቁጥሩ ግን አንቺው የለካሽው ይሁን፣ በፊታቸው ድገሚው ሊሉሽ ይችላሉና።

ሁለት ጥያቄዎችንም ተዘጋጅተሽ ጠብቂ። አንደኛው፣ ስህተት ሲገኝ ያንኑ ዳታ እንዴት መልሰሽ ታወጫለሽ የሚል ነው፤ ማመንጫው ከአንድ መነሻ ቁጥር ያንኑ ዳታ መልሶ ስለሚያወጣ፣ መነሻ ቁጥሩን አስቀድመሽ ወስኚና መዝግቢው። ሁለተኛው፣ በዚሁ ማመንጫ የደንበኛ የምስጢር ቁጥር ማውጣት ይቻላል ወይ ይሉሻል። አይቻልም፤ ሊገመት ይችላል፤ ለዚያ ሥራ ፓይዘን ሴክሬትስ የሚባል ሌላ ሞጁል አለው። የእውነተኛ ደንበኞች ዳታ ለምን እንደማይሰጥሽ ከጠየቁሽ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ብታነሺ ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ደስ ይለዋል።

ሲ ፕላስ ፕላስን ከወደድሽው ተማሪው፤ ከዓርብ በኋላ።