«እውነተኛው ገዳይ» የቱ ነው?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራውን፣ ሼርሎክ ሆልምስ ከጃክ ዘ ሪፐር ጋር የሚገጥምበትን የእንግሊዝ ፊልም ሳስተዋውቅ «ልብ ወለዱ መርማሪ እውነተኛውን ተከታታይ ገዳይ ሲያሳድድ» ብዬ ጻፍሁ። ጓደኛዬ «ይህ አማርኛ አይደለም» አለኝ፤ ስሕተቱን ግን ሊያሳየኝ አልቻለም።

መልስ፦ አማርኛስ ነው፤ ችግሩ እርስዎ ያሰቡትን አለመናገሩ ነው። ዋናው እንቅፋት «እውነተኛ» የሚለው ቃል ነው። «እውነተኛ ሰው» ስንል የማይዋሽ ሰው፣ «እውነተኛ ታሪክ» ስንል በእርግጥ የተፈጸመ ታሪክ ማለታችን ሲሆን፣ «እውነተኛው ገዳይ» ስንል ግን ሌላ ሰው ያለ ጥፋቱ ተጠርጥሮ ሳለ ወንጀሉን የሠራው ራሱ ማለታችን ነው። እርስዎ በታሪክ የነበረ ሰው ለማለት ፈልገዋል፤ አንባቢ ግን የመጨረሻውን ፍቺ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 31 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 1888 በለንደን፣ በኋይትቻፕልና በአካባቢው አምስት ሴቶችን እንደ ገደለ የሚታመነው ጃክ ዘ ሪፐር ደግሞ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ነው፤ ስሙም እንኳ ለአንድ የዜና ወኪል ከተላከ ደብዳቤ ፊርማ የተወሰደ ነው። ይባስ ብሎ በዚያ ፊልም መጨረሻ የሚጋለጠው ገዳይ (ላላዩት ይቅርታ እየጠየቅሁ) የፊልሙ ጽሑፍ አዘጋጆች የፈጠሩት ባላባት ስለ ሆነ፣ «እውነተኛው ገዳይ» ያሉት ራሱ ልብ ወለድ ሆኖ ይገኛል።

«ተከታታይ ገዳይ» በዜና ዘገባ የተለመደ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ «ተከታታይ» ለነገር ሲቀጸል፣ ለምሳሌ «ተከታታይ ድራማ» ወይም «ተከታታይ ግድያ» ስንል፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ የሚመጣ ማለት ሲሆን፣ ስለ ሰው ሲነገር ግን «የእግር ኳስ ተከታታይ» እንደምንለው የሚከታተለውን ያመለክታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚከታተለው ሆልምስ ነው! ብቻውን የቆመ «ገዳይ» ደግሞ በፉከራችን የአንበሳ ገዳይ መወደሻ በመሆኑ፣ ለወንጀለኛ «ነፍሰ ገዳይ» ማለት ይሻላል።

«ማሳደድ» የሚባለው የሚሸሸው ሲታይ ወይም ቢያንስ ማንነቱ ሲታወቅ ነው፤ ውሻ ድመትን ያሳድዳል። ማንነቱ ያልታወቀን ሰው መርማሪ ያፈላልገዋል፣ ዱካውን ይከተላል። «ልብ ወለዱ መርማሪ» ልብ የወለደው ማለት ስለ ሆነ በሥርወ ቃሉ አያስነቅፍም፤ እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1887 በመጽሔት ለተወለደ ሰው «የልብ ወለዱ መርማሪ» ማለትን እመርጣለሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የልብ ወለዱ መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 በለንደን ተከታታይ ግድያ የፈጸመውንና ማንነቱ ሳይታወቅ የቀረውን ነፍሰ ገዳይ ያፈላልጋል።» ረዝሟል፤ ለፖስተር ካልሆነ በቀር ርዝመቱ አይጎዳዎትም።